ጣት ሲቆረጥ፦ ከመፈረማችሁ በፊት

«ይቀጠላል ወይ?» ጣቱ የተቆረጠ ሰው ይዞ የመጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። «አይቀጠልም» ሲባል ደግሞ «በሉ እንግዲህ፣ የቻላችሁትን ያህል አስቀሩለት» ይላል። ሁለቱም ስለ ጣቱ ነው። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የትንንሽ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ሰዎቹን የማያቸው ደም እየፈሰሳቸው ሲገቡ ብቻ አይደለም። ቁስሉ ሲታጠብ፣ ክር ሲወጣ፣ ከወራት በኋላ ልጅ ለማስከተብ ሲመጡም አገኛቸዋለሁ። ያኔ ስለ ርዝመት የሚያወራ የለም። የሚያወሩት ማጭድ መያዝ ስለመቻላቸው፣ ብርድ ስለሚያንገበግባቸው፣ የሸሚዝ ቁልፍ ስላስቸገራቸው ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ ምርጫ ሲያቀርብላችሁ «በዚህ እጅ ነገ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጀምሩ። ውሳኔው የሐኪሙና የታካሚው ነው። የታካሚው ያልኩት አውቄ ነው። እኛ ዘንድ ፊርማ ሲመጣ አጎት፣ ሽማግሌ፣ ጎረቤት ኮሪደር ላይ ተሰብስቦ ይመክራል። የጣቱ ባለቤት ውስጥ ተጋድሞ ኮርኒስ ይቆጥራል። እባካችሁ እሱንም ጠይቁት።

መንገድ ላይ

መጀመሪያ ደሙን አስቁሙ። ንጹህ ጨርቅ አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። እጁን ከደረቱ በላይ ከፍ አድርጉት። አብዛኛው የጣት ደም በዚህ ይቆማል። በሲባጎ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ግን የተረፈውንም ጣት ሊገድለው ይችላል። ቀለበት ካለ ሳያብጥ አውልቁ።

ቡና አትነስንሱ። አውቃለሁ፣ እናቶቻችን ሁሉ የሚያደርጉት ነው። ግን ያን ቡና ከአጥንትና ከጅማት መሃል እየለቀምን የምናወጣው እኛ ነን፣ የሚጮኸው ደግሞ ታካሚው ነው። እበት፣ አመድ፣ ቤንዚን፣ የጥርስ ሳሙናም ያው ናቸው።

የተቆረጠውን ክፍል ይዛችሁ ኑ። የተጨፈለቀም ቢሆን ይዛችሁ ኑ። መልሶ ባይተከል እንኳ ቆዳው ለመሸፈኛ ሊያገለግል ይችላል። ቆሻሻ ካለው በንጹህ ውሃ አለቅልቁት እንጂ አትፈትጉት። ከዚያ በጎዝ ወይም በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉት። ጨርቁ በሰላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ይርጠብ፣ ሰላይን ከሌለ በንጹህ ውሃ። የሚንጠባጠብ ግን አይሁን። ቀጥሎ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ቋጥሩት። ፌስታሉን በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ክተቱት። በረዶ የሌለበት ሰፈር ቢሆን እንኳ ጁስ ቤት ወይም ለስላሳ መሸጫ ጠይቁ። በረዶው ጣቱን በቀጥታ መንካት የለበትም፣ ሥጋውን ይጎዳዋል። ፍሪዘር ውስጥም አታስገቡት። አልኮል ውስጥ ዘፍዝፎ የሚያመጣም አለ፣ እሱም አይሆንም። በቆዳ ተንጠልጥሎ የቀረ ከሆነ ደግሞ አትቁረጡት። ያቺ ስስ ቆዳ ውስጥ ደም ስር ሊኖር ይችላል።

ሰዓት ያዙ። ያልቀዘቀዘ ጣት ለ12 ሰዓት ያህል፣ በአግባቡ የቀዘቀዘ ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል ሊጠብቅ እንደሚችል ይታሰባል። ጣት ውስጥ ጡንቻ ስለሌለ ነው ይህን ያህል የሚታገሠው። ክንድ እንዲህ አይታገሥም። በመጨረሻ የበላበትን ሰዓትም ንገሩን። እስኪታይ ድረስ ምግብም ሻይም አትስጡት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ሳይወስድ እንዳይወጣ።

ሐኪሙ ምን ያያል?

ራጅ ከተነሳና ቁስሉ ከታጠበ በኋላ ሐኪሙ የሚመዝነው በምን እንደተቆረጠ፣ የትኛው ጣት እንደሆነ፣ የት ጋ እንደሆነና የማን እንደሆነ ነው።

ብዙ የሚወስነው «በምን» የሚለው ነው። በስለት ጥርት ብሎ የተቆረጠና የወፍጮ ቺንጊያ ጎትቶ የመነገለው ጣት አንድ አይደሉም። ሲጎተት ደም ስሩና ነርቩ ከውስጥ፣ ከሩቅ ነው የሚበጠሰው። ከአይሱዙ ላይ ሲዘል ቀለበቱ ስፖንዳው ላይ የተያዘበት ሰውም እንዲሁ ነው። ከላይ ሲታይ ቆዳ ብቻ የተገፈፈ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው።

የትኛው ጣት? አውራ ጣት የእጅን ሥራ 40 በመቶ ያህል ይይዛል ይባላል። ማመን ካቃታችሁ ዛሬ ምሳ ላይ አውራ ጣታችሁን አጥፋችሁ እንጀራ ለመቁረስ ሞክሩ። ስለዚህ አውራ ጣት ላይ ሐኪሙ ለእያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ይከራከራል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሰው ይንቃቸዋል። የማጭድን እጀታ፣ የመጥረቢያን ዛቢያ አጥብቀው የሚይዙት ግን እነሱ ናቸው። ሌባ ጣት ሲጠፋ ደግሞ መሃል ጣት ቶሎ ይተካዋል። ሰው ሳያስበው ብዕሩንም ሲኒውንም በእሱ መያዝ ይጀምራል።

የማን? ካርዱ ላይ «ሥራ» የሚል ቦታ አለ። አብዛኛው ጊዜ የሚሞላው «ግል» ተብሎ ነው። ግል ማለት ምን ማለት ነው? ብሎን መፍታትም ግል ነው፣ ጥጥ መፍተልም ግል ነው፣ ማሲንቆ መምታትም ግል ነው። ሐኪሙ ሳይጠይቅም ቢሆን ንገሩት። በየትኛው እጅ እንደሚሠራ፣ በሥራው ላይ ያ ጣት ምን እንደሚያደርግ በደንብ ንገሩት። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ጫት ካለም አትደብቁ። ሲጋራ ደም ስር ያጠባል፣ ጫትም ያጠባል። ቁስል የሚድነው በደም ነው።

መልሶ መትከል

ይቻላል። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ጣት በማይክሮስኮፕ እየታየ ደም ስሩ ተሰፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ ኮማትሱና ታማይ ይባላሉ፣ ጣቱም አውራ ጣት ነበር። ክሩ ከፀጉር የቀጠነ ነው። አጥንቱ በሽቦ ይያዛል፣ ጅማቱ ይሰፋል፣ ደም የሚያስገባውና የሚያስወጣው ደም ስር ይቀጠላል፣ ነርቩም ይያያዛል። ለአንድ ጣት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ቀናት በሆስፒታል፣ ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ፣ ጣቱ ቀላ ወይስ ጠቆረ እየተባለ ይጠበቃል። ሲጋራ ፈጽሞ ክልክል ነው። ብዙ ሐኪሞች ቡናም ይከለክላሉ። ለወሎ ሰው ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ይቺ እንደምትከብድ እኔም አውቃለሁ።

ማይክሮስኮፑና በዚህ የሠለጠነው ቡድን በየዞኑ ሆስፒታል የሚገኝ ነገር አይደለም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወገል ጤና ወይም ከመካነ ሰላም ለሚነሳ ሰው ደግሞ ደሴ መድረስ ራሱ አንድ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳ፣ አቤት፣ የካቲት 12፣ አለርት የአጥንት ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና አላቸው። ክፍሉ አለ ማለት ግን በዚያ ሌሊት ማይክሮስኮፑም ሐኪሙም ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ከመሮጣችሁ በፊት «እባክህ ዶክተር፣ ደውለህ ተቀባይ መኖሩን አረጋግጥልን» በሉ። ይህ ድፍረት አይደለም። ሳይደወል ተኪዶ ሰዓቱ መንገድ ላይ ካለቀ ገንዘቡም ጣቱም ይቀራል።

መሄዱ የሚያዋጣው መቼ ነው? አውራ ጣት ሲሆን። ብዙ ጣቶች ባንዴ ሲቆረጡ። መዳፍ ላይ ሲሆን። ልጅ ሲሆን፣ ልጅ ላይ ሐኪሞች በጣም ይሞክራሉ። ከመሃለኛው መገጣጠሚያ አልፎ ወደ ጫፉ በስለት የተቆረጠ አንድ ጣትም ጥሩ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

የማያዋጣውም አለ። የተጨፈለቀ፣ ሁለት ሦስት ቦታ የተቆረጠ፣ የተመነገለ ጣት። ሌላ ከባድ ጉዳት ያለበት ሰው። ከሁሉ ሰው የማይቀበለው ግን ይሄ ነው፦ ከመሃለኛው መገጣጠሚያ በታች፣ ወደ መዳፉ በኩል የተቆረጠ አንድ ጣት። በተለይ ሌባ ጣት። ቢተከልም ብዙ ጊዜ አይታጠፍም። የማይታጠፍ፣ የማይሰማ፣ የሚበርደው ጣት ሌሎቹ ሲጨብጡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኪስ ውስጥ ሲገባ ይያዛል፣ ዕቃ ሲያነሱ ይጋጫል። አንዳንዱ ሰው ከወራት ፊዚዮቴራፒ በኋላ ተመልሶ «ቁረጡልኝ» ይላል። ያ ሁሉ ጊዜ ያለ ሥራ ማለፉ ሲታሰብ ያሳዝናል።

ቁስሉን ትቶ ማዳን

የጣቱ ጫፍ ላይ ቆዳና ሥጋ ብቻ ሄዶ አጥንት ካልታየ፣ ስፋቱም ከአንድ ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ምንም ሳይሰፋ በፋሻ ብቻ ሊድን ይችላል። ቤተሰብ ይሄን ሲሰማ «ሳይሰፉልን ላኩን» ብሎ ይቆጣል። በዚህ ቦታ ግን ከስፌት የተሻለ ውጤት ያለው ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። የጫፉ ቆዳ ራሱ ከዳር ዳር እየተሳበ ይመጣል፣ ስሜቱም ደህና ይመለሳል። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። የሚፈልገው ትዕግሥት ነው፦ ቫዝሊን ጎዝ፣ በየቀጠሮው መታጠብ፣ አለማድረቅ። ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ «ንፋስ ይንካው» አትበሉ። በር የቆረጠው የሕፃን ጣት ጫፍ ላይ ይህ መንገድ በጣም ይሠራል። ትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ የተቆረጠችው ጫፍ ራሷ ተመልሳ ተሰፍታ ልትይዝ ትችላለች። ባትይዝም ከሥሯ አዲስ ቆዳ እስኪወጣ መሸፈኛ ትሆናለች።

ማሳጠርና መዝጋት

ብዙ ጊዜ የምንሠራው ይሄንን ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

አንድ የሐይቅ አካባቢ አባት ለልጃቸው ሊፈርሙ ብዕሩን ይዘው «ሲስተር፣ ማሽኑ የቆረጠው አልበቃ ብሎ እናንተ ደግሞ አጥንቱን ትጨምራላችሁ?» አሉኝ። «አባባ፣ ቆዳው አጥንቱን ለመሸፈን አልደረሰም» አልኳቸው። «በግድ ቢሳብስ?» አሉ። እውነት ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው። በግድ የተሳበ ቆዳ ደም አይደርሰውም፣ ይጠቁርና ይከፈታል። ቢድንም አጥንቱ ላይ የተወጠረ ስስ ጠባሳ ይሆናል። ዕቃ በነካ ቁጥር ያማል። የሚያመውን ጣት ደግሞ ሰው አይሠራበትም፣ አቅፎት ይዞራል። ጥቂት ሚሊ ሜትር አጥንት ተነስቶ በወፍራም ሥጋ የተሸፈነ አጭር ጣት ግን መዶሻ ይይዛል።

ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁት እነሆ።

«የት ጋ ነው የምታቆሙት?» የመሃለኛውን አጥንት ከሥሩ የሚያጥፍ ጅማት የሚጣበቅበት ቦታ አለ። ያ ቦታ ከተረፈ የቀረው ጉማጅ ይታጠፋል፣ ይጨብጣል። ከሄደ ግን ያ የቀረ አጥንት ርዝመት ቢኖረውም ብዙ አያግዝም። ስለዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር እዚህ ቦታ ላይ ትልቅ ነገር ነው፣ ሌላ ቦታ ላይ ምንም ላይሆን ይችላል።

«ጥፍሩስ?» ጥፍሩን የሚደግፍ አጥንት ከሌለ ጥፍሩ ወደ መዳፍ በኩል ተቆልምሞ ያድጋል። ልብስ ይይዛል፣ ያማል። እንዲያ ከሆነ የጥፍሩ ሥር ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ጥቂት ከቀረች ከወራት በኋላ ከጠባሳው መሃል እንደገና ብቅ ትላለች፣ ሌላ ቀዶ ሕክምናም ትጠይቃለች። ሴት ልጆች ላይ ይሄ ውይይት ይከብዳል። «ትንሽ ጥፍር ትቅርልኝ» ይላሉ፣ ስለ ሂናውም ስለ ሰርጉም ያስባሉ። መብታቸው ነው፣ ግን የሚቀረው ጥፍር ቀና ብሎ የሚያድግ መሆኑን ጠይቁ።

«ጫፉን የሚሸፍነው የየት ቆዳ ነው?» የመዳፍ በኩል ቆዳ ወፍራም ነው፣ ስሜትም አለው። ከተቻለ ያ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ቢዘጋ ይሻላል። ጠባሳው ከጀርባ በኩል ይሆናል፣ ዕቃ የሚነካው ቦታ ላይ አይሆንም።

«ነርቩን ምን ታደርጉታላችሁ?» የተቆረጠ ነርቭ ጫፉ ላይ ጉብ ያለች እብጠት ይሠራል። እሷ ጠባሳው ሥር ከተቀመጠች ስትነካ ኤሌክትሪክ የያዘ ያህል ታስጮሃለች። ስለዚህ ነርቩ ሳብ ተደርጎ፣ አጠር ተደርጎ ይቆረጥና ወደ ለስላሳው ሥጋ ገባ ይላል።

ጅማትን በተመለከተ ቤተሰብ «አያይዙለት እንዲጠነክር» ይላል። የሚያጥፈውን ጅማት ከሚዘረጋው ጋር በአጥንቱ ጫፍ ላይ መስፋት ግን ክልክል ነው። መሃል ጣትን፣ የቀለበት ጣትንና ትንሿን ጣት ጫፋቸው ድረስ የሚያጥፋቸው ጡንቻ አንድ ነው። እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱን አስራችሁ ሌላውን ብትነዱት አይሄድም። የአንዱ ጅማት ጫፉ ላይ ከተሰፋ ጤነኞቹም ሙሉ በሙሉ አይጨበጡም።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ቀላል ነው። ጣቱ ብቻ ይደነዝዛል። ታካሚው ነቅቶ ያወራል። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ክር በሁለት ሳምንት ገደማ ይወጣል። ቀላል ሥራ በሳምንታት ውስጥ፣ ከባድ ሥራ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ይጀመራል። መልሶ መትከል ላይ ይህ ወራት ነው። የቀን ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህንን አስቡለት።

ሥጋ አዙሮ መሸፈን

አጥንት ታይቶ ግን ርዝመቱ የግድ ሲያስፈልግ ሌላ መንገድ አለ። ሐኪሞች ፍላፕ ይሉታል፣ ከነደም ስሩ የተነሳ ቆዳና ሥጋ ማለት ነው። አንዳንዴ ከዚያው ጣት ይነሳና ወደፊት ይገፋል። አንዳንዴ ከአጠገቡ ጣት ጀርባ ይነሳና ሁለቱ ጣቶች ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ተሰፍተው ይቆያሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ። አንዳንዴ ጣቱ ታጥፎ የአውራ ጣት ሥር ካለው ሥጋ ጋር ይሰፋል። ወጣት ላይ ጥሩ ነው። ዕድሜው የገፋ ሰው ግን ጣቱ ያን ያህል ጊዜ ታጥፎ ከቆየ በኋላ አልዘረጋ ሊለው ይችላል። ከጭን ወይም ከክንድ የተነሳ ስስ ቆዳም አለ፣ ግን ባዶ አጥንት ላይ አይበቅልም፣ ስሜቱም ደካማ ነው።

ይህ መንገድ ለማን? አውራ ጣቱ ለተጎዳ። በጣቱ ጫፍ ስሜትና ርዝመት ለሚኖር። የማሲንቆ ተጫዋች ቀኝ እጁ ደጋን ነው የሚይዘው፣ አጭር ጣት ሊታገሥ ይችላል። ግራው ግን ጭራውን በጣት ጫፍ እየነካ ነው ባቲንም አምባሰልንም የሚያወጣው። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ጉዳት ይዞ መጥቶ ካርዱ ላይ «ግል» ተጽፎለት ነበር። «በግራ እጄ ነው የምበላው» ሲል ሐኪሙ ግራኝ መስሎት ነበር። እንጀራው ማለቱ እንደሆነ የገባው ማሲንቆው ሲነሳ ነው። ቁስሉን አጥበን ሸፍነን ለፕላስቲክ ሐኪም ተላከ።

ከሥር ማውጣት

ጣቱ ከሥሩ ከሄደ ወይም የማይረባ ጉማጅ ብቻ ከቀረ መዳፍ ውስጥ ያለውን አጥንትም አውጥቶ ክፍተቱን መዝጋት ይቻላል። እጁ አራት ጣት ያለው ሆኖ ይስተካከላል። ለዓይን ያምራል፣ ሰው እንኳ ቶሎ አያስተውለውም። መሃል ጣት ወይም የቀለበት ጣት ሲጎድል በክፍተቱ የተዘገነ ጤፍ ይፈሳል፣ ሳንቲም ይወድቃል። ይሄ ያንን ይፈታል። አጭር የሌባ ጣት ጉማጅ ላለውም መሰናክሉን ያነሳለታል።

ዋጋው ጉልበት ነው። መዳፉ ይጠባል፣ መጨበጥና ማዞር ይቀንሳል። ለጸሐፊ፣ ለአስተማሪ፣ ለነጋዴ ደህና ነው። ለአራሽ፣ ለብረት ሠራተኛ፣ ለድንጋይ ጠራቢ ግን ሰፊ መዳፍ ይሻላል። በመጀመሪያው ሌሊት የሚወሰን ነገርም አይደለም። አሁን ቁስሉ ይዳን። ከወራት በኋላ ጉማጁ እያስቸገረ መሆኑን ራሱ ታካሚው ይነግራችኋል። ያኔ ይመረጣል።

ማሽን ያልቆረጠው ጣት

በስኳር፣ በኢንፌክሽን ወይም ጠብቆ በታሰረ ቀርከሃ የጠቆረ ጣት ሌላ ሕግ አለው። ደርቆ የጠቆረና የማይሸት ከሆነ ሐኪሙ ሕያውና ሙት ሥጋው ተለይቶ እስኪታይ ሊጠብቅ ይችላል፣ መዘግየቱ ቸልተኝነት አይደለም። እርጥብ፣ የሚሸት፣ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው ከሆነ ግን አይጠበቅም። እዚያ ላይ «እስኪ ጠበል እንሞክር፣ ዱዓ እናስደርግ» ብሎ ሳምንት ማሳለፍ ከጣት ወደ እጅ ያደርሳል። ጠበሉንም ዱዓውንም ከሕክምናው ጎን አድርጉት።

ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ እጅ ወይም እግር ከታሰረላችሁ ጣቶቹን ተመልከቱ። ካበጡ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ በዚያው ሰዓት ፍቱት። እስኪነጋ አትጠብቁ።

ከተዘጋ በኋላ

እጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ይበል፣ ማታም በትራስ። ጤነኞቹን ጣቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቀሳቅሱ። አንድ ጣት ተቆርጦ አምስቱም የደረቁበት ሰው አይቻለሁ፣ ምክንያቱ እጁን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መክረሙ ነው። እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መግል፣ ወደ ክንድ የሚወጣ ቅላት፣ ትኩሳት ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ቁስሉ ሲዘጋ ጫፉ ጨርቅ እንኳ አያስነካም። ይህን ማላመድ ነው። መጀመሪያ በጥጥ ቀስ እያላችሁ አሹት፣ ቀጥሎ በፎጣ። ከዚያ ጣቱን ሳህን ላይ ባለ ጤፍ ውስጥ ከትቶ ማንቀሳቀስ፣ ሲለምድ ምስር፣ ሲጠነክር ሽምብራ። በቀን ጥቂት ጥቂት ጊዜ። ሕፃናት ይሄን ጨዋታ ስለሚያደርጉት ቶሎ ይድናሉ፣ ትልቅ ሰው ያፍራል።

ብርዱ ከባድ ነው። የተቆረጠ ጣት ብርድ አይወድም፣ ቢተከልም ቢያጥርም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይበረታል። ደሴ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሌላ ነው። የሱፍ ጓንት ግዙ፣ አንዷን ጣት አሳጥራችሁ ስፉት። አንዳንዱ «ኮምቦልቻ ስወርድ ይተወኛል» ይላል፣ ውሸት አይደለም።

የሌለው ጣት ሊያሳክክ ወይም ሊያም ይችላል። ታካሚዎች አብደናል ብለው ደብቀው ይቆያሉ። አብሽሩ፣ የነርቭ ነገር ነው፣ መድኃኒትም አለው። ንገሩን።

ወረቀት

ጉዳቱ ሥራ ላይ ከደረሰ በመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ የት፣ በምን ማሽን፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። የትኛው እጅ እንደሚሠራበትም ይጻፍ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ላይ ጉዳት የሕክምና ወጪ የአሠሪው ነው። የአካል ጉዳቱ መጠን የሚወሰነው በሕክምና ቦርድ ነው፣ ቦርዱ የሚያነበው ደግሞ ያንን ካርድ ነው። «ወድቆ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ «ማሽን ነው» ብሎ ማስተካከል መከራ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያላችሁ በሪፈር ሰንሰለቱ ሂዱ፣ አለበለዚያ ከኪሳችሁ ነው።

የተቆረጠውን ጣት ለመቅበር የምትፈልጉ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር ንገሩን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቃል፣ እኛም ጠቅልለን እንሰጣለን። ካልነገራችሁን ግን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይቃጠላል፣ ከሄደ በኋላ ማምጣት አንችልም።

ክር ከወጣ በኋላ ያለው ቀጠሮ ላይ ብዙ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ይቀራል። እንዳትቀሩ። ስትመጡ ደግሞ የምትሠሩበትን ዕቃ ይዛችሁ ኑ፦ መዶሻውን፣ እንዝርቱን፣ መቀሱን፣ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ ባዶ እጅ ሲጨበጥ ከሚያይ ይልቅ ያንን ስትይዙ ቢያይ እጀታውን የት ጋ ማወፈር እንዳለባችሁ ወዲያው ይነግራችኋል። ጥበቃው በር ላይ ማጭዱን ከያዘባችሁ ለቀጠሮ መሆኑን ነግራችሁ እኔን አስጠሩኝ።